ለሳተ ሰው ምን ይባላል?

ዛሬ ይዣችሁ የምሄደው ለንደን ነው። ለንደን ስላችሁ ግን ያንን ትልቅ ሰዓት፣ ቤተ መንግሥቱንና ቀዩን ባለ ፎቅ አውቶቡስ እያሰባችሁ ከሆነ ረጋ በሉ። እነሱንማ አይቻለሁ፣ ፎቶም ተነስቻለሁ፤ ፎቶውም እማዬ ሳሎን ተቀምጦ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይታያል። ልቤ የቀረው ግን ቱሪስት በማይረግጠው ሰፈር፣ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ቻርልተን በሚባል ቦታ፣ አንድ የኳስ ሜዳ አጥር ሥር ነው።

«ሴት ልጅና ኳስ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድም ያላት፣ ያውም ከወንድሟ ጋር በአንድ ክፍል ያደገች ሴት ኳስ ባትወድ ነበር የሚገርመው። ቅዳሜና እሁድ ሪሞቱ በማን እጅ እንደሚውል መቼም ታውቁታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር የ12ኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ከመቶ ተማሪ ሦስት ማለት ነው! ወንድሜም ከቀሩት ውስጥ አንዱ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋው አልወረደም። በአራተኛው ቀን ማታ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለና ስልኩን አስጠግቶ አንድ የድሮ ጨዋታ ያሳየኝ ጀመር። የመለያ ምት ነው። ይመታል፣ ይገባል፤ ይመታል፣ ይገባል። 13ቱም ገቡ። 14ኛውን የመታው ልጅ ሳተ። እኔም ላስቀው ብዬ «ውይ! ይሄም እንዳንተው ነው!» አልኩና ሳቄን ለቅቄ ተነሳሁ።

እሱ አልሳቀም። ስልኩን አጠፋና ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያች ማታ ጀምሮ በእኔና በወንድሜ መካከል «እሺ»፣ «አላየሁትም»፣ «እማዬ ትጠራሻለች» ከማለት ያለፈ ወሬ አልነበረም። ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ለንደን የምትኖር አክስቴ ጋብዛኝ ሄድኩ። አንድ ቀን የከተማውን የባቡር ካርታ ስመለከት ዓይኔ «ቻርልተን» የሚል ጽሑፍ ላይ አረፈ። በድንገት ያቺ ማታ ትዝ አለችኝ። በስልኩ ላይ የነበሩት ባለ ቀይ ማሊያዎቹ ቻርልተኖች ናቸው! አክስቴን «ቻርልተን ልሄድ ነው» ብላት ደነገጠች። «እዚያ ምን አለሽ? ገበያ የለ፣ ዘመድ የለ!» አለች። እኔ ግን ሄድኩ።

ከለንደን ብሪጅ ጣቢያ ተሳፍሬ ብዙም ሳልቆይ ደረስኩ። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። ተደጋግፈው የቆሙ ትንንሽ የጡብ ቤቶች፣ ደጃፍ ላይ የታሰረ ብስክሌት፣ መስኮት ላይ የተኛች ድመት። ከጣቢያው ወርጄ ፍሎይድ ጎዳና ወደሚባለው ታጥፌ ጥቂት እንደተራመድኩ ስታዲየሙ ከቤቶቹ መሃል ብቅ አለ። ስሙ ቫሊ ነው፤ ሸለቆ ማለት ነው። እውነትም ሸለቆ ነው። ድሮ አፈር ሲቆፈርበት የነበረ ጉድጓድ ነበርና ከዙሪያው ዝቅ ብሎ ተኝቷል። በር ላይ የቆመው ሐውልት ደግሞ የአጥቂ ወይም የፕሬዚዳንት እንዳይመስላችሁ። የበረኛ ነው! «ጎበዝ! በረኛን የሚያከብር ሰፈር» አልኩ በልቤ።

ሜዳው ዝግ ስለነበር አጥሩን ይዤ ወደ ውስጥ ስመለከት ውሻቸውን የሚያናፍሱ አንድ ሽማግሌ ቆሙ። «የጠፋብሽ ነገር አለ?» አሉኝ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ከኢትዮጵያ እንደመጣሁና የ1998ቱ የመለያ ምት እንዳመጣኝ ነገርኳቸው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው።) ሰውየው መጀመሪያ ትክ ብለው አዩኝ። ቀጥሎ የውሻውን ገመድ አጥሩ ላይ አሰሩ። ገመዱ ሲታሰር ወሬው ረጅም እንደሆነ ገባኝ።

ወሬውን የጀመሩልኝ ግን ከ1998 አልነበረም። በ1985 ክለቡ ገንዘብም አጥሮት፣ ከሜዳው ባለቤት ጋርም ሳይስማማ ቀርቶ ከቫሊ ለቅቆ ወጣ። በ1938 ለአንድ ጨዋታ 75,031 ሰው የገባበት ሜዳ ኦና ሆነ። ክለቡ በሰው ቤት ደባል ሆኖ፣ በሌላ ክለብ ሜዳ ይጫወት ጀመር። ቫሊ ላይ አረም በቀለ። ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻቸው ድረስ ከፍ አድርገው «ሳሩ እዚህ ይደርስ ነበር» አሉኝ።

ታዲያላችሁ ደጋፊው ምን አደረገ መሰላችሁ? በ1989 ክለቡ ሊመለስ ነው ሲባል አካፋውንና መጥረጊያውን ይዞ መጥቶ አረሙን ነቀለ፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። የአካባቢው ምክር ቤት የግንባታ ፈቃዱን ሲከለክል ደግሞ፣ አትሳቁ፣ የፖለቲካ ፓርቲ አቋቋሙ! አዎ፣ ስለ ኳስ ሜዳ ብቻ የሚናገር ፓርቲ። በ1990ው የአካባቢ ምርጫ ተወዳድሮ 14,838 ድምፅ አገኘ። አንድም ወንበር አላሸነፈም፤ ምክር ቤቱ ግን መልእክቱን ሰማ። በሚቀጥለው ዓመት ፈቃዱ ወጣ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1992 ቻርልተን ወደ ቤቱ ተመልሶ ፖርትስመዝን 1 ለ 0 አሸነፈ። ሰባት ዓመት ከቤት ውጭ ኖሮ መግባት ማለት ነው።

«1998ን እንድትረጂ ይህን ማወቅ አለብሽ» አሉኝ ሽማግሌው።

ግንቦት 25 ቀን 1998፣ የድሮው ዌምብሌይ ስታዲየም፣ 77,739 ተመልካች። ጨዋታው ከሁለተኛው ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ የሚያድገውን የመጨረሻ ክለብ የሚለይ ነው። በአንድ በኩል ቻርልተን፣ በሌላ በኩል ከሰሜን እንግሊዝ የመጣው ሰንደርላንድ። ሰንደርላንድ የመርከብ ሠሪዎችና የከሰል ድንጋይ ቆፋሪዎች ከተማ ነበር፤ መርከቡም ቆመ፣ ጉድጓዱም በ1993 ተዘጋ። አዲሱ ስታዲየማቸው በ1997 የተከፈተው በተዘጋው ጉድጓድ ቦታ ላይ ነው። ሥራው ለሄደበት ከተማ ኳስ ምን እንደሆነች አስቡት።

በመጀመሪያ ቻርልተን አገባ፤ ከዕረፍት በኋላ ሰንደርላንድ ሁለት አገባ። ቻርልተን አቻ አደረገ፤ ሰንደርላንድ እንደገና መራ። ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሰንደርላንዱ በረኛ ለማዕዘን ምት ከጎሉ ወጥቶ ኳሷን ሳያገኛት ቀረ፤ የቻርልተኑ ተከላካይ በጭንቅላቱ አስቆጠረ። ለክለቡ ያገባት የመጀመሪያ ጎሉ ነበረች። 3 ለ 3! በጭማሪው ሰዓት ሰንደርላንድ ለሦስተኛ ጊዜ መራ፤ የቻርልተኑ አጥቂ ሦስተኛውን ጎሉን አግብቶ 4 ለ 4 አደረገው። የሚገርመው ደግሞ ሃትሪክ የሠራው ይኸው አጥቂ ያደገው ሰንደርላንድ ከተማ ነው። በልጅነቱ የሰንደርላንድ ደጋፊ ነበር። ይሄን እንኳን ፊልም ሠሪ ቢያስበው «ኧረ አታጋን» ይባል ነበር!

ከዚያ መለያ ምቱ መጣ። አምስት አምስት ተመታ፣ ሁሉም ገባ። ስድስተኛውም ከሁለቱም ወገን ገባ። ሰባተኛውን ቻርልተን አገባ፤ 7 ለ 6። ተራው የሰንደርላንዱ የግራ መስመር ተከላካይ ሆነ። የ23 ዓመት ልጅ ነው፤ የዚያው ከተማ ተወላጅ፣ የዚያው ክለብ ልጅ። ደከም ያለች ኳስ መታ። የቻርልተኑ በረኛ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ገና በአማተር ክለብ ይጫወት የነበረው ሰው፣ ወድቆ ያዛት። በቃ። ግማሹ ስታዲየም ዘለለ፣ ግማሹ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ያን ቀን እዚያው ነበሩ። «አለቀስኩ» አሉ፣ «በደስታ ነው ግን። ስለዚያ ልጅ ያሰብኩት ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።»

እኔም ልቤ ላይ የቆየውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «ለሳተ ሰው ምን ይባላል?»

ትንሽ አሰቡ። «ምንም አይባልም» አሉኝ። «ሻይ ይገዛለታል እንጂ።»

ውሻቸውን ፈትተው ሲሄዱ እኔ አጥሩን ይዤ ቀረሁ። አስቡት እንግዲህ። ሰንደርላንድ በዚያ ቀን አራት ጎል ገብቶበታል። ሦስት ጊዜ መርቶ ሦስት ጊዜ አስነጥቋል። በረኛው ወጥቶ ኳስ አጥቷል። ከ13ቱ መቺዎች በኋላ የመጣው አንድ ልጅ ግን የሁሉም ዕዳ በእሱ ደብተር ተጻፈበት። የመለያ ምት ክፋቱ ይሄ ነው፤ የ120 ደቂቃውን ጥፋት ሁሉ አሰባስቦ መጨረሻ ላይ ለቆመው ሰው ያስረክበዋል። ፈተናም እንደዚያው ነው። የ12 ዓመት ትምህርት፣ የተቀየረ መጽሐፍ፣ በኮቪድና በጦርነት የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ የጎደለ አስተማሪ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ውጤቱ ሲወጣ የሚጻፈው በአንድ ልጅ ስም ብቻ ነው። ከመቶ 97 ልጅ ሲስት «ሁሉም ሰነፍ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔማ ከዚያም አልፌ ስቄአለሁ።

እዚያው አጥሩ ሥር ቆሜ ለወንድሜ በኢሞ ደወልኩ። ያነሳል ብዬ አልጠበቅኩም፤ አነሳ። ካሜራውን አዙሬ ሜዳውን አሳየሁት።

«ቫሊ ነው?» አለኝ። ድምፁ ተቀየረ።

«አዎ» አልኩት። «ያን ቀን ስለተናገርኩት ነገር ይቅርታ አድርግልኝ። የሳተው ልጅም ቢሆን …» ብዬ ላጽናናው ስጀምር አቋረጠኝ።

«እኔ እኮ ቪዲዮውን ያሳየሁሽ ስለ መሳቱ አልነበረም። ከዚያ ቀጥሎ ስላለው ነው። አንቺ ሳያልቅ ተነሳሽ።»

አፌን ያዝኩ። ወንድሜ ቀጠለልኝ። ያ ልጅ ከክለቡ ጋር ቀረ። ሰንደርላንድ በሚቀጥለው ዓመት ሊጉን በ105 ነጥብ አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ያለ ማንም መለያ ምት አደገ። ልጁም በዚያው በ1999 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ ተጫወተ። ያደገው ቻርልተን ደግሞ በዚያው ዓመት ተመልሶ ወረደ! ወንድሜ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። አልጋው ላይ ሦስት ቀን ተኝቶ ያሰበውን ሊነግረኝ ነበር የመጣው። እኔ ግን 14ኛዋ ምት ላይ ሳቄን ለቅቄ ሄድኩ።

ምን ልበላችሁ፣ ለንደን መሃል ቆሜ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱ ግን «ታውቂያለሽ?» አለኝ፣ «ዘንድሮ ሁለቱም አድገዋል።» እውነቱን ነው። ግንቦት 24 ቀን 2025 ሰንደርላንድ በዌምብሌይ ሼፊልድ ዩናይትድን 2 ለ 1 አሸንፎ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ። በማግስቱ፣ ግንቦት 25፣ ልክ ያ ጨዋታ በተደረገ በ27ኛ ዓመቱ፣ ቻርልተን እዚያው ሜዳ ላይ ሌይተን ኦሪየንትን 1 ለ 0 ረትቶ ከሦስተኛው ሊግ ወጣ። «ኳስ ታሽከረክርሻለች እንጂ አትጥልሽም» አለኝ ወንድሜ። እኔ ይሄን አባባል ከማን እንደሰማው አላውቅም፤ የራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ውድ አንባቢያን፣ ወንድሜ አሁን ሞባይል ጥገና ላይ ነው። 105 ነጥብ አምጥቷል ብዬ አልዋሻችሁም፤ የእሱ «የሚቀጥለው ዓመት» ገና አልተጫወተም። ግን በየቤታችሁ የሳተ ሰው አለ። ፈተና የወደቀ፣ ከሥራ የተቀነሰ፣ እጮኛው የተወችው፣ ቪዛ የተከለከለ። እኔ አማካሪ አይደለሁም፤ ከዚያ ሰፈር ይዤ የመጣሁትን ብቻ ልንገራችሁ። የቻርልተን ሰዎች ሜዳቸው በአረም ሲዋጥ «ድሮም አውቀው ነበር» አላሉም፤ መጥረጊያ ይዘው መጡ። የሳተ ሰው አጠገባችሁ መጥቶ ሲቀመጥ እናንተም አትቸኩሉ። ሊያሳያችሁ የፈለገው ነገር ካለ እስከ መጨረሻው እዩለት።

አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት ወንድሜን ከሱቁ ጠርቼ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ወሰድኩት። ስለ ፈተና አላወራንም፣ ስለ ይቅርታም አላወራንም። ሁለት ሻይ፣ ሁለት ብስኩት። ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ።

ቸር ይግጠመን!