ጓያና የሊቃውንቱ ጉባኤ

በአገራችን «ጉባኤ» ሲባል አስቀድሞ ወደ ልብ የሚመጣው የመጻሕፍት መምህር ተቀምጦ፥ ደበሎ የለበሱ ደቀ መዛሙርት ዙሪያውን ከበውት ትርጓሜ ሲያስኬዱ ነው። እኔም በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ጉባኤ እጽፋለሁ ብዬ ለጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ስለ ቅኔ ቤት የምጽፍ መስሏቸው ነበር። ያሰብሁት ግን ሌላውን ነው። በኅዳር ወር 1988 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሐኪሞች፥ የእርሻ ሊቃውንት፥ የኬሚስትሪና የምግብ ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ አንድ የእህል ዘር ሦስት ቀን ሙሉ ተነጋገሩ። ያም ዘር ጤፍ አይደለም፤ ስንዴም አይደለም። ገበያ ላይ ከጥራጥሬ ሁሉ ረክሶ የሚሸጠው፥ ባለጠጋ በገበታው ላይ እንዳለ ሲጠየቅ የሚያፍርበት ጓያ ነው።

እንዲህ ያለ ጉባኤ ከዚያ አስቀድሞ በፈረንሳይ አገር በፖ ከተማ በ1985 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተደርጎ ነበር። የአዲስ አበባው ጉባኤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥር ዓመታት ምን እንደ ተደረሰበት የሚመረመርበት ነበር። የቀረቡትንም ጽሑፎች የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና በቤልጅክ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ፈርናንድ ላምበይን አሰናድተው በመጽሐፍ አሳተሟቸው። ሐኪምና ገበሬ አስተማሪ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ስለ አንድ ፍሬ መከራከራቸው ለእኔ እጅግ የሚያስደስት ነገር ነው። በትምህርት ቤታችን ስለ ጤና የምንማረው በአንድ መጽሐፍ፥ ስለ እርሻ የምንማረው በሌላ መጽሐፍ ነውና።

ጓያን ለማያውቅ የከተማ አንባቢ ጠባዩን ልንገረው። በመርሐ ቤቴ ዋልካ መሬት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፥ ሌላው እህል ተዘርቶ ካበቃ በኋላ፥ ገበሬው ውሃ ያዘለውን ጥቁር አፈር አርሶ ጓያውን ይበትንበታል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ባይመጣም ግድ የለውም፤ አፈሩ ውስጥ የቀረውን እርጥበት እየጠባ ያድጋል። ሌላውን ሰብል ሥሩን የሚያበሰብሰው ጭቃም ሆነ የሚያጠወልገው ድርቅ ጓያን አያሸንፈውም። ሊቃውንቱ በአዲስ አበባ በተሰበሰቡበት በኅዳር ወር በየማሳው ሰማያዊ አበባውን አውጥቶ ይታያል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ሥሩ ላይ በሚኖሩት ረቂቃን ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ለሚመጣው ዓመት ሰብል አፈሩን ያለማል። ከፍሬው ክብደት ሩብ የሚያህለው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። ወደ መንዝና ወደ ግሼ ደጋ ሲወጣ ውርጩ ስለሚበረታ ማሳውን የሚይዙት ገብስና ባቄላ ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በጎነት የያዘ እህል ሰው ይሰብራል። «ጓያ ሰበረው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል።

በሰፈራችን በሁለት በትር የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን ትቼ የሰፈሩ ልጆች እንደምንጠራቸው አባባ ልበላቸው። ቀኑን ሙሉ ደጃፋቸው ተቀምጠው ቃጫ ይገምዳሉ፤ ቅዳሜ ገመዱን ለገበያ ያወጡታል። ስለ ጉባኤው ካነበብሁ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ እንዴት እንደ ተሰበሩ ጠየቅኋቸው።

«በሰባ ሰባቱ ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ» አሉኝ። «ስንዴውም ገብሱም ከዳን። ጓያ ብቻ አልከዳንም። ጠዋት ቂጣው፥ ቀን ንፍሮው፥ ማታ ደግሞ ያው ቂጣ። ከጥር እስከ ሚያዝያ እንደዚህ ኖርን። አንድ ቀን እንጨት ስፈልጥ ዋልሁ፤ በማግስቱ ልነሣ ስል እግሬ እንደ እንጨት ደርቆ እንቢ አለኝ። ብርድ ነው ተባለ። እናቴ፥ ነፍሷን ይማረውና፥ ስንት ቀን በቅቤ አሸችኝ።»

«አባባ፥ ጓያ እንደሚሰብር ያን ጊዜ አልተነገራችሁም ነበር?» አልኋቸው።

ሣቅ አሉና፥ «ልጄ፥ ይህን የማያውቅ ባላገር አለ እንዴ? እናውቃለን እንጂ። ጓያ የሚሰብረው ምናልባት ነው፤ ረኃብ ግን የሚገድለው በርግጥ ነው» ብለው መለሱልኝ።

ስለ ጤና ከሚሰጡት ትምህርቶች ብዙዎቹ «ሕዝቡ ባለማወቁ ምክንያት» ብለው ይጀምራሉ። የአባባን መልስ ከሰማሁ በኋላ ይህ አነጋገር ለጓያ አይስማማም የሚል አሳብ አድሮብኛል። እርሳቸው ሁለቱን አደጋ መዝነው ቀለል ያለውን መረጡ እንጂ አልተሳሳቱም።

ሊቃውንቱ የደረሱበት ይህ ነው። በጓያ ፍሬ ውስጥ አንድ ዓይነት አሚኖ አሲድ አለ፤ ስሙ ረዥም ስለ ሆነ ባጭሩ ኦዳፕ ይሉታል። የህንድ ተመራማሪዎች በ1964 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለይተው አወጡት። ይህ መርዝ በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ከአንጎል ተነሥተው የእግርን እንቅስቃሴ የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል። እግር ይገተራል፤ ተረከዝ መሬት መንካት ይሳነዋል፤ ሰውየው ጉልበቱን እያጋጨ በጣቱ ጫፍ ይሄዳል። ሐኪሞቹ በሽተኞቹን የሚመድቧቸው በበትር ነው፤ ይኸውም ያለ በትር እያነከሰ የሚሄድ፥ በአንድ በትር የሚሄድ፥ በሁለት በትር የሚሄድ፥ በመጨረሻም በመቀመጫውና በእጁ የሚድህ። አእምሮ ግን አይነካም፤ የመዳሰስ ስሜትም አይጠፋም። በሽታው አይገድልም፤ እስከ ዛሬም መድኃኒት አልተገኘለትም። ይልቁንም የሚበዛው በወጣት ወንዶች ላይ ነው፤ ለቤቱ ዋና ጉልበት በሆኑት ማለት ነው።

ጓያን አልፎ አልፎ ከሌላ ምግብ ጋር የበላ ሰው አይሰበርም። የሚሰበረው ሁለት ሦስት ወር ያለማቋረጥ ዋና ምግቡ ያደረገው ነው። ይህን ከሁሉ በላይ ግልጽ ያደረገው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆነው ክፉ ነገር ነው። ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር በቫፕኒያርካ ሮማንያውያን ባቆሙት የእስረኞች ካምፕ ውስጥ የታሰሩ አይሁድ በ1942 ክረምት በየቀኑ 400 ግራም ያህል ጓያ ይቀለቡ ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩት እግራቸው ያዘ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም አርቱር ኬስለር ነገሩ ከምግቡ የመጣ መሆኑን ዐውቆ ጓደኞቹ እንዳይበሉት አስጠነቀቀ፤ ከጦርነቱ በኋላም ያየውን ጻፈ። ከእርሱ በፊት ከሁለት ሺህ ዓመት አስቀድሞ በጥንታዊት ግሪክ በሂፖክራጥስ ስም በሚጠሩት የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ እንኳ ጥራጥሬ ሳያቋርጡ የበሉ ሰዎች እግራቸው እንደ ደከመ ተጽፏል። እንግዲህ የካምፕ እስረኛ፥ የጥንት ግሪክና የመርሐ ቤቴ ጎረምሳ ያገናኛቸው ሌላ የሚበሉት ማጣታቸው ነው።

አሁን ወላጆቻችን እንዲያነቡልኝ የምፈልገው ቦታ ላይ ደረስሁ። በብዙ አገር የጓያ ድስት እንፋሎት ይሰብራል፥ በጓያ ገለባ ላይ የተኛ ይሰበራል፥ በጓያ ማሳ መካከል ያለፈ ይሰበራል ይባላል። ይህ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነበር። የአባባ ሴት ልጅ ታጭታ ሳለ ግን የወንዱ ወገኖች «የአባትየው እግር በዘር የሚመጣ ነው» ብለው እጮኛውን አፈረሱት። ልጂቱ እስከ ዛሬ ገበያ ስትወጣ በሌላ መንገድ ዞራ ነው የምትሄደው። የጓያ ስብራት ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ በእንፋሎትም በገለባም አይገባም። የሚገባው በአፍ ብቻ፥ ያውም በብዛትና በረዥም ጊዜ ነው። በአማርኛችን «ሰበረ» የሚለውን ቃል ለእግር እንጂ ለትዳር አልሰጠነውም።

ጉባኤው ተበተነ፤ ረኃቡ ግን አልተበተነም። በዚያው በ1988 እና በ1992 ዓ.ም. መካከል ከእኛ ወደ ሰሜን በወሎ፥ በደላንታና በዳውንት፥ ሌላው ሰብል ጠፍቶ ጓያ ብቻ በመቅረቱ ከ2000 የሚበልጡ ሰዎች ተሰበሩ። ከግሼ ያን ያህል የራቀ አገር አይደለም። ዶክተር ኃይለ ኢየሱስ ጌታሁንና የሥራ ጓደኞቻቸው እዚያ ሄደው የተሰበሩትንና ያልተሰበሩትን ቤተሰቦች ምን ምን እንደ በሉ ጠየቁ። ያገኙት መልስ የማንኛዋም እናት ሊገባት የሚችል ነው። ጥሬ እሸቱና ንፍሮው አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ፤ በቅመም፥ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ወጥ ሆኖ የተበላ እንደ ሆነ፥ ወይም ከስንዴና ከገብስ ዓይነት እህል ጋር የተደባለቀ እንደ ሆነ አደጋው ይቀንሳል። ምክንያቱም ለጓያ የሚጎድለው ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ በእነዚያ እህሎች ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ እርዳታ እህል የሚመጣበት ወር ራሱ መድኃኒት ነው። በሦስተኛው ወር ከሚደርስ አንድ ኩንታል ስንዴ ይልቅ በመጀመሪያው ወር የሚደርስ ግማሽ ኩንታል ብዙ እግር ያድናል ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ምክር አለ። ኦዳፕ በውሃ ስለሚሟሟ ጓያውን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ብዙውን መርዝ ያስወግዳል። እውነት ነው፤ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን ጓያ ዋና ምግብ የሚሆነው በድርቅ ዓመት ነው፤ በድርቅ ዓመት ደግሞ ምንጩ ይርቃል፥ እንጨቱም ይወደዳል። እንስራ አዝላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዐቀበት የወጣችን ሴት «ውሃውን ድፊው» ማለት ቀላል የሚሆነው ቧንቧ ካለበት ቤት ተቀምጦ ለሚጽፍ ነው። መከልከልም እንደማይረዳ ከህንድ ታይቷል፤ መንግሥቱ በ1961 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የጓያን ሽያጭ ከለከለ፥ ገበሬው ግን መዝራቱን አልተወም።

የቀረው ተስፋ በዘሩ ላይ ነው። የእርሻ ተመራማሪዎች መርዛቸው ያነሱትን የጓያ ዓይነቶች እየመረጡና እያዳቀሉ በ1998 ዓ.ም. በአገራችን «ዋሴ» የተባለው ዘር ለገበሬ እንዲሰጥ ሆነ። ይህም ትልቅ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው ንብ ነው። ንብ ከአንዱ ማሳ አበባ ወደ ሌላው ስለምትመላለስ፥ አዲሱ ዘር ከነባሩ ጎን የተዘራ እንደ ሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ መደባለቁ አይቀርም። ሁለተኛው የሚያሳዝን ነው፤ ጓያ ራሱ ድርቅ ሲያስጨንቀው መርዙን ይጨምራል። ይኸውም ድኻው አብዝቶ በሚበላበት ዓመት መርዙም አብሮ ይበዛል ማለት ነው። ወደፊት በሕይወት ሳይንስ ለመማር ከክፍላችን አሳብ ያላችሁ ጓደኞቼ ብትኖሩ፥ ከዚህ የበለጠ የሚጠብቃችሁ ሥራ ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ለአባባ በቻልሁት መጠን አስረዳኋቸው። ገመዳቸውን ሳይለቁ አዳመጡኝና፥ «ለመሆኑ ለእንግዶቹ ጓያ ቀርቦላቸው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለታችንም ሣቅን። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን አልተዉትም። ዋሴ የሚባለው ዘር በቁና ነው ወይስ በኪሎ የሚሰጠው፥ ዋጋውስ ከነባሩ ምን ያህል ይበልጣል፥ በእኛ ዋልካ ላይ ይይዛል ወይ፥ ከብቱስ ገለባውን ይወደዋል ወይ እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ወንድ ልጃቸው ከወንዙ በላይ ያለችውን ቁራሽ መሬት በመስከረም ሊዘራባት አስቧልና። ጥያቄዎቹን በደብተሬ ጽፌ ይዣለሁ፤ ሰኞ ወደ ወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት እወስዳቸዋለሁ።