ብረት ላይ የታተመ ስዕል

ሰሞኑን የድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር እየመጡ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ቲቸር፣ ይሄን ብረት ላይ የሚታተመውን ስዕል እንዴት ያዩታል? ለሳሎን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?»

እኔ ግዙ ባይ ነኝ። ሰዓሊ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ይሆናል፤ እነሱ ግን ጅማ አልከረሙም። እዚህ ክረምት ሲገባ ወረቀት ላይ የታተመ ስዕል ከነመስታወቱ ይሻግታል። አጋሮም ሊሙም ያው ነው። በየቤቱ የምናየው የዳ ቪንቺ «የመጨረሻው እራት» እንኳ፣ ዋናው ሚላን ውስጥ ደረቅ ልስን ላይ ስለተሳለ ሰዓሊው በሕይወት እያለ ነው መላላጥ የጀመረው።

ብረት እንበለው እንጂ አሉሚኒየም ነው። ስዕሉ መጀመሪያ ልዩ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ከዚያ ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ ተደርጎ 200 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ባለው መጭመቂያ ይጨመቃል። ቀለሙ ተንኖ የሰሌዳው ልባጥ ውስጥ ይገባል። የቡናና የዕጣን ጭስ ቢያጠቁረው በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው። ስቲከር ተለጥፎበት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጠርዙን በጥፍራችሁ ሞክሩት፣ ከተነሳ ተዉት። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይም አትስቀሉ፣ ይደበዝዛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባለፈው አጋሮ አንድ ሱቅ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌን «የመስቀል አበባ» አየሁ። ደስ አለኝ! ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስንቱ ልጅ ሄዶ ዋናውን ያያል? እኔ ራሴ ስንት ዓመት ያስተማርኩት በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ነው። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ለሰሌዳው ልክ እንዲሆን ጠርዙ ተቆርጧል፣ የሰዓሊው ስም የትም የለም። «የማን ሥራ ነው?» ብዬ ሻጩን ብጠይቀው «ከኢንተርኔት ነው ጋሼ» አለኝ።

ከኢንተርኔት! ሎሬቱ ያረፉት በ2004 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ (ቁጥር 410/1996) የሰዓሊ መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያረፈው በ1973 ዓ.ም. ነው፣ የእሱም ገና አልሞላም። ዳ ቪንቺን እንደፈለጋችሁ አትሙ፤ ከሞተ 500 ዓመት አልፎታል። ለእነዚህ ግን ፈቃድ ይጠየቃል፣ ስማቸውም ይጻፋል።

ይህንኑ ለሻጩ ነገርኩት። ደግሞ አንድ ተማሪዬ የሳለውን የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አሳየሁትና «ይሄን አትም፣ ልጁ ፈቅዷል፤ ከምትሸጠው ትከፍለዋለህ» አልኩት። «ይሸጣል ብለው ነው?» አለኝ እየሳቀ።

ቡናው ተለቅሞ ሰው እጅ ላይ ብር ሲገባ እናያለን። አጋሮ ያላችሁ፣ ስታልፉ ጎራ እያላችሁ ጠይቁልኝ።