እንጦጦን በጥንድ

ቅዳሜ ማለዳ፣ የሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቆች ሳይከፈቱ ሽቅብ ይውጡ። ባለቤትዎንም አያስቀሩ። ወደ እንጦጦ ፓርክ ሲዘልቁ የባሕር ዛፉ ሽታ ይቀበልዎታል።

እኔና ባለቤቴ እዚያ ከጓደኞቻችን ጋር በጥንድ እንወዳደራለን። ሕጉ ቀላል ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ ብስክሌት። አንዱ ሲነዳ ሌላው ዳገቱን ይሮጣል፤ በተስማሙበት ቦታ ይቀያየራሉ። ሰዓቱ የሚቆመው ግን ኋላ የቀረው ሲደርስ ነው።

መጀመሪያ ጊዜ ይህን ዘንግቼ ብስክሌቱን ይዤ ፈተለክኩ። ዞር ብዬም አላየኋት። መቀያየሪያው ቦታ ላይ ብጠብቅ ብጠብቅ የለችም። ስመለስ መንገድ ዳር ተቀምጣ አገኘኋት፤ አዙሯት ነበር። «ከማን ጋር ነው የምትወዳደረው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እንጦጦን አይናቁት። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ነው። አትሌቶቻችን የሚለማመዱበትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚደክመው ሰው ይወስን። ዳገቱ ሲብስ በእርምጃ ይውጡ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ቀስ አድርገው ይያዙ። ካዞርዎት ወይም ራስዎን ካመመዎት ይቁሙ።

ሲጨርሱ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለውን የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱን ግቢ ለልጆችዎ ያሳዩ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከዚህ ተወርዶ ነው።

እኛ ከዚያ ወዲህ አንደኛ ወጥተን አናውቅም። ስንመለስ ግን በመኪናው ውስጥ ወሬው አያልቅም።