ከጋሸና እስከ ሹምሸሃ፦ ሽጉጥ በመኪና

ከወልዲያ ተነስቶ የድልብን ዳገት የሚወጣው መንገድ፣ አገሬው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» እያለ የሚጠራው፣ ጋሸና ላይ ሲደርስ ይገነጠላል። ዋናው መስመር በደብረ ዘቢጥና በነፋስ መውጫ አልፎ ወረታ ድረስ ይዘልቃል። ወደ ሰሜን የታጠፈው ደግሞ ከደጋው እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ላሊበላ ይገባል። ላሊበላ ወዳለችበት ወደ ላስታ የሄድኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ ሽጉጥ በመኪና ሲጓዝ ሕጉ የት ቦታ ያገኘዋል? መልሱን ለመፈለግ ከጋሸና መገንጠያ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

መገንጠያው ብርዳም ነው። ሻይ ቤት፣ ጎማ ቤት፣ ድንች የሚሸጡ ሴቶች፣ እስኪሞሉ የሚጠብቁ ሚኒባሶች አሉ። ከነሱ አለፍ ብሎ ገመድ የተዘረጋበት ኬላ አለ። የእኛ ቅጥቅጥ ሲቆም ረዳቱ ማንም ሳያዘው ፖርቶ መጋላው ላይ ወጣ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ወርደን ተሰለፍን።

ከተሳፋሪው መሀል ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው እንደያዙ ቆመዋል። ወጣቱ ፖሊስ ወደሳቸው ቀርቦ «አባቴ፣ ወረቀት አለዎት?» አላቸው። «አለኝ ልጄ» አሉና ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ፖሊሱ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ጠመንጃውን ተቀብሎ ጎን ጎኑን አገላብጦ ቁጥሩን አመሳከረ፣ ጥይት አለመጉረሱን አየ፣ መለሰላቸው። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ፤ እሱም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ገባ። የሾፌሩን ወንበር ጀርባ ዳሰሰ፣ የዳሽቦርዱን ኪስ ከፍቶ ወረቀትና ጨርቅ አወጣ፣ የበሩን ሽፋን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ድምፁን አዳመጠ። ከኋለኛው ወንበር ሥር አንዲት ጥቁር ቦርሳ ጎትቶ አወጣና «የማን ናት?» ሲል ጠየቀ። መልስ የሰጠ የለም። ደግሞ ጠየቀ። ሾፌሩ ፊቱ ተለዋወጠ። በመጨረሻ አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት «የኔ ናት ጌታዬ፣ ፈርቼ ነው» አለች። ውስጧ የልጅ ልብስና የመድኃኒት ብልቃጥ ነበር። መንገድ ስንጀምር ሾፌሩ «ሌላ ነገር ቢወጣባት መጀመሪያ የሚታሰረው እኔ ነኝ» አለኝ። ያን ጊዜ እጁ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁለት ደቂቃ ከወሰደው ጠመንጃ ይልቅ ባለቤት ያልተናገረላት ቦርሳ ነች ብዙ የነገረችኝ። ላስታ ውስጥ ጠመንጃ በይፋ ይታያል። በትከሻ ይያዛል፣ ገበያ ይወጣል፣ ሰርግና ለቅሶ ላይ ይቆማል፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የማን እንደሆነና ከማን እንደመጣ መንደሩ ያውቃል። ሽጉጥ እንዲህ አይደለም። ከልብስ ሥር፣ ከወንበር ሥር፣ ከዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ የሚውል ነገር ነው። ለዚህም ነው የሽጉጥ ሕግ ነገር ከመኪና ጋር የተያያዘው፤ ሽጉጥ ሩቅ የሚሄደው በመኪና ነውና።

ይህን የሚያሳይ ቁጥር አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ሲያጸድቅ፣ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት በተለያዩ ቦታዎች የተያዘው መሣሪያ ይፋ ተደርጎ ነበር፦ 21 መትረየስ፣ 275 ጠመንጃ፣ ከ33,000 በላይ ሽጉጥና 300,000 ጥይት። ለአንድ ጠመንጃ 120 ሽጉጥ ማለት ነው። ገበሬው በትከሻው የያዘው ጠመንጃ ቀድሞም አገር ውስጥ የኖረ ነው። በኮንትሮባንድ የሚጎርፈው ግን ሽጉጥ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት በብዛት የሚያዘውም የቱርክ ሥሪት የሚባለው ነበር። ትልቁ በር የሱዳን ጠረፍ ነው፤ መተማና ሁመራ። መሸሸጊያው ሻግ ነው፤ በበር ሽፋን፣ በነዳጅ ታንከር፣ በወንበር ሥር ለዚሁ ተብሎ የሚበጅ ስውር ቦታ። ወጣቱ ፖሊስ በሩን እያንኳኳ ያዳመጠው ለዚህ ነበር።

ካርታ ላይ ጣትዎን ቢያስኬዱ ጋሸና ለምን እንደሚፈተሽ ይታያል። ከመተማ በጎንደር በኩል የሚመጣው መኪና ወረታ ላይ ይደርሳል። ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚያሻግረው ይኸው የቻይና መንገድ ነው። የጎንደርን አውራ ጎዳና ከደሴና ከመቀሌ አውራ ጎዳና ጋር በደጋው ላይ የሚያገናኝ መስመር ነው። መሐል ላይ ያለችው መገንጠያ ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን ታያለች።

ይህ ደጋ መሣሪያ ሲጓጓዝበት የመጀመሪያው አይደለም። ዓፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በደብረ ዘቢጥና በቤተ ሖር በኩል ነው። ጋራውን እያስናዱ፣ ራሳቸው ጭምር ድንጋይ እያነሱ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ከዚያ 62 ዓመት ቆይቶ መጋቢት 22 ቀን 1922 ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊ መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው የወደቁት እዚያው ደብረ ዘቢጥ አቅራቢያ፣ አንቺም ላይ ነው፤ አውሮፕላንም በዚያ ጦርነት ከላይ ዞሯል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር ፓሪስ ውስጥ የጦር መሣሪያ ውል ፈረመች፤ መሣሪያ ወደ አገር የሚገባው በመንግሥቱ ፈቃድ እንዲሆን። የሕጉ ዓይን ያን ጊዜ ያረፈው በወደብና በጠረፍ ላይ ነበር። ጠረፉን አንዴ ያለፈ መሣሪያ አገር ውስጥ እንዴት ይጓዝ የሚለው ጥያቄ ለባላባቱና ለልማዱ ተትቶ ቆየ።

ዛሬም ያ ክፍተት ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ብዬ አላምንም። ከ2012 በፊት ነገሩ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 481 እና 808 ነበር የሚታየው። የመጀመሪያው የተከለከለ የመሣሪያ ንግድን ይቀጣል፤ ሁለተኛው በደንብ መተላለፍ ረድፍ የገባ ነው። አዋጅ 1177 ከዚያ ብዙ ርቋል። ግለሰብ መሣሪያ ማስገባት፣ ማስወጣት፣ ማምረትና መሸጥ እንዳይችል ከልክሏል፤ ለመያዝ ፈቃድና ቢያንስ 18 ዓመት ዕድሜ ያስፈልጋል፤ ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል፤ መሣሪያ መያዝ ባህል የሆነባቸው አካባቢዎች መኖራቸውንም አምኖ ተቀብሏል። የአዋጁ ትልቁ ጥያቄ ግን «ማን ይያዝ?» ነው። ኬላ ላይ ገመዱ ሥር የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጎርሷል ወይስ አልጎረሰም? ሾፌሩ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል? ከተሳፋሪ ዕቃ ውስጥ ሲወጣ ሾፌሩና ረዳቱ ምን ያህል ይጠየቃሉ? ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን በሕዝብ ማመላለሻ ሲይዝ የት ያስቀምጠው? እነዚህን ሾፌር፣ ተሳፋሪና ፈታሽ እኩል ሊያውቋቸው ይገባል። እኔ በጠየቅኋቸው ሾፌሮች ዘንድ ግን እያንዳንዱ የየራሱ ሕግ አለው፤ አንዱ «ወረቀት ካለው ምን ቸገረኝ» ይላል፣ ሌላው ባለወረቀትም ቢሆን አልጭንም ይላል።

ሌላ አገር ይህ እንዴት እንደተያዘ ማየት ይጠቅማል፤ የላስታ ልጆችም እዚያ መሪ ይዘዋልና። አሜሪካ ዋና ከተማ ዙሪያ ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ በአንድ ቀን ቨርጂኒያን፣ ዋሽንግተንንና ሜሪላንድን ይረግጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ በመኪና ሲሆን በተዘጋ መያዣ ወይም በተዘጋ ኪስ ውስጥ እስከተቀመጠ ድረስ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ወንዙን ተሻግሮ ዋሽንግተን ሲገባ ያው ሽጉጥ ያልተመዘገበ ከሆነ ያሳስራል። ሜሪላንድም ያለ ፈቃድ ሽጉጥ በመኪና መያዝን አጥብቃ ትገድባለች። ከክልል ክልል ለሚያልፍ መንገደኛ በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ሽጉጡ ጥይት እንዳይጎርስ፣ ሽጉጡም ጥይቱም እጅ የማይደርስበት ቦታ እንዲሆኑ ያዛል። መኪናው የተለየ የዕቃ ክፍል ከሌለው በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ የዳሽቦርድ ኪስ ግን እንደ ሳጥን አይቆጠርም ይላል። አሜሪካ በመሣሪያ ብዛት አርአያ የምትሆን አገር አይደለችም፣ የሚሞተውም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ያ አንድ አንቀጽ ሾፌር የሚረዳው ቋንቋ አለው። የመኪናውን ክፍል በስሙ ይጠራል።

ከጋሸና ወደ ታች ስንወርድ አየሩ ይሞቃል። የላሊበላ ከተማ ፊት ለፊት በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሰንሰለት ሥር ተለጥፎ ይታያል። ይህ መንገድ በአምስት ዓመት ውስጥ ያየውን ሌላው በሃምሳ አያይም። ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከእጅ እጅ ተለዋወጠች። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ሲባል ተቃውሞው ሰሜን ወሎን አዳረሰ። ከዚያም በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ውጊያ ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መፈተሽንና ማሰርን ፈቀደ። በስድስት ወሩ ላይ አራት ወር ተጨምሮበት አዋጁ አበቃ፤ ኬላው ግን ቀጠለ።

በዚህ ሁሉ መሐል የተሰቃየው ተራው መንገደኛ ነው። ክላሽ የያዘ ሰው ሚሊሻ ይሁን ገበሬ፣ ታጣቂ ይሁን ዘራፊ በዓይን አይለይም። በመኪና ውስጥ የተገኘ ሽጉጥማ ከዚህ የባሰ ነው። አንዱ ፈታሽ የጠላት መልእክተኛ ያደርገዋል፣ ሌላው ነጋዴ፣ ሌላው ደግሞ ራሱን የሚጠብቅ ሰው። የሽጉጡ ባለቤት ዝም ካለ መኪናው ሙሉ ሰው ይጠረጠራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ሰው ከአግባብ ውጭ ሰውነቱና ንብረቱ እንዳይፈተሽ ይጠብቀዋል። ኬላ ላይ ይህን የሚያነሳ አላየሁም። ፍተሻው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ያች እናት ፈርታ ዝም ያለችው ግን ሕግ ስለጣሰች አልነበረም፤ ምን እንደተፈቀደ ምን እንደተከለከለ የነገራት ስለሌለ ነው።

ላሊበላ ከተማ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቅዳሜ ገበያ ሲቆም ከቢልባላና ከገነተ ማርያም፣ ከኩልመስክ አቅጣጫ በእግርም በአይሱዙም ሰው ይጎርፋል። አይሱዙው ላይ ሰው፣ በግና የማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ጤፍ አብረው ይጫናሉ። ከረጢቱን ማን እንደጫነ አውራጁ እንኳን አያውቅም። የገና ሰሞን ደግሞ ከሩቅ አገር ለቀናት በእግሩ የተጓዘው ምእመን በጭነት መኪና ከሚመጣው ጋር ይቀላቀላል። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት ግቢ ጫማ ይወለቃል፣ ድምፅ ይቀንሳል። ሽጉጥ የታጠቀ ሰው በቤተ ማርያም ግቢ ቤዛ ኩሉ ሲዘመር መሐል ቢቆም ምን እንደሚከተል ማሰብ ያስፈራል። በዚህ ላይ ቀሳውስቱም፣ ነጋዴውም፣ የባጃጅ ሾፌሩም አንድ ቃል ናቸው፤ መሣሪያ ከተማ መግቢያ ላይ ይቅር።

በከተማው ዙሪያ ግልጽ ሥርዓት ያየሁበት አንድ ቦታ ሹምሸሃ ሸለቆ ውስጥ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አቪዬሽኑ በዓለም አቀፍ ደንብ ነው የሚሠራው። የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 17ኛ አባሪ እንደሚለው፣ መሣሪያ በአውሮፕላን እንዲጓዝ ከተፈቀደ ብቃት ያለው ሰው አለመጉረሱን ያረጋግጣል፤ ከዚያም በበረራ ላይ ማንም ሊደርስበት በማይችል ቦታ ይቀመጣል። ባለቤቱ ይታወቃል፣ ይመዘገባል፣ ሲወርድ ይረከባል። የአውሮፕላን ትኬት የሚገዛው ጥቂቱ ሰው ነው። መናኸሪያ ግን ማለዳ በ11 ሰዓት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ለጥቂቱ የተጻፈው ግልጽ መመሪያ ለብዙኃኑ የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ያስፈልጋል የምለው ትንሽ ነገር ነው። በአንድ ገጽ አማርኛ፣ በሾፌር ቋንቋ፤ ፈቃድ ያለው ሰው መሣሪያውን ከመሳፈሩ በፊት ለረዳቱ ያሳውቅ፤ ጥይቱ ከካርታው ጋር ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሽጉጡ ከሾፌሩና ከተሳፋሪው እጅ ርቆ በሚቆለፍ ሳጥን ይሁን፤ ከረጢትና ቦርሳ ሁሉ የባለቤት ምልክት ይደረግበት፤ ሾፌር የማያውቀው ዕቃ ውስጥ መሣሪያ ቢገኝ እስኪጣራ ድረስ በምን ሁኔታ እንደሚቆይ ይጻፍ። ይኸው ገጽ በወልዲያ፣ በጋሸናና በላሊበላ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለው ረዳቱ ከመነሳቱ በፊት ጮክ ብሎ ይንገረው።

አንዳንዱ ሾፌር ይህን ሳይጻፍለት ጀምሮታል። በኩልመስክ በኩል ወደ ወልዲያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ረዳት ዕቃ ሲቀበል የእያንዳንዱን ባለቤት ስም በእስክሪብቶ በካርቶን ቁራጭ ላይ እየጻፈ በገመድ ያስር ነበር። አንድ ወጣት ጠባብ የታሰረ ሻንጣ ሰጠውና «ውስጡን አትይ» አለው። ረዳቱ ሻንጣውን መልሶ አስረከበው። «ወንድሜ፣ ያላየሁትን አልጭንም» አለው። ወጣቱ ትንሽ አንገራግሮ ሻንጣውን ከፈተለት፤ ጫማና ሁለት ሸሚዝ ነበር። ስሙ ተጻፈለት፣ ተሳፈረ።