ለሃያ አንደኝነት

ስፖርት ወዳዱ ሁሉ ዋንጫ ያያል። ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጠውም፣ ውርርድ ቤት የሚሰለፈውም ማን አንደኛ እንደወጣ ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ለማጽናናት ያህል ያነሣል፤ ሦስተኛውን አስታውሱት ሲባል ያስታውሳል። ሃያ አንደኛው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። የኔ ዐመል ደግሞ የደረጃ ሰንጠረዥ ሳገኝ ከታች ወደ ላይ ማንበብ ነው። የላይኛው ወሬ ሳይነበብም ይታወቃል። ታች ግን ሰው አያየኝም ብሎ ብዙ ጉድ ይሠራል።

የሴቶች የበረዶ ሆኪ የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1990 ኦታዋ ላይ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ)። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ 2017 ድረስ ለፍጻሜ የደረሱት ካናዳና አሜሪካ፣ አሜሪካና ካናዳ ብቻ ናቸው። በ2017ም ሚሺጋን ውስጥ ፕሊመዝ በምትባል ከተማ እንደ ልማዳቸው ተገናኙና አሜሪካ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈች። በዚያው ሳምንት፣ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ፣ ጋንግኑንግ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ስድስት ቡድኖች ለሃያ አንደኝነት ይጋጠሙ ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በዚያ ዓመት በከፍተኛው ምድብ ስምንት አገሮች ነበሩ። ከሥሩ የአንደኛ ዲቪዚዮን «ሀ» ስድስት፣ «ለ» ስድስት፤ በድምሩ ሃያ። ቀጥሎ የሚመጣው የሁለተኛ ዲቪዚዮን «ሀ» ነው፤ የዚህ ምድብ አሸናፊ ከዓለም ሃያ አንደኛ ናት ማለት ነው። ሽልማቷም አንድ እርከን ከፍ ብላ በሚቀጥለው ዓመት ከሷ ከሚበልጡ ጋር መጋጠም ነው።

ጋንግኑንግ ላይ የተሰበሰቡት ደቡብ ኮሪያ፣ ሰሜን ኮሪያ፣ ብሪታንያ፣ ኔዘርላንድስ፣ ስሎቬንያና አውስትራሊያ ናቸው። እነዚህን ስድስት አገሮች፣ እነሱንም ብቻ፣ አንድ አዳራሽ ሊያስገባ የሚችል ሌላ ሰበብ ፈልጌ አጣሁ። ስድስቱም በአንድ አህጉር አይገኙ፣ በአንድ ቋንቋ አይግባቡ፣ በአንድ የጦር ቃል ኪዳን አይጠራሩ። ያገናኛቸው በረዶ ላይ ያላቸው አቅም መቀራረቡ ብቻ ነው። ሰንጠረዥ ፓስፖርት አያገላብጥም፤ አምና ስንት አገባሽ፣ ስንት ገባብሽ ብሎ ብቻ ይጠይቃል። መልስሽ ከሌላዋ መልስ ጋር ከተቀራረበ አብራችሁ ትመደባላችሁ፤ ሰላምታ ባትለዋወጡም።

ሁለቱ ኮሪያዎች ደግሞ ሰላምታ አይለዋወጡም። ከ1950 እስከ 1953 ተዋግተው ጦርነቱ በተኩስ አቁም ቆመ እንጂ የሰላም ስምምነት አልተፈረመም። ይህንን የኛ ሰው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ጋንግኑንግ የምትገኝበት የጋንግዎን ክፍለ ሀገር ቃኘው ሻለቃ የተዋጋበት ምድር ነው። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተው ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወድቀዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ቹንቾን ላይ መታሰቢያ ሐውልታቸው አለ፤ አጠገቡም በ1968 የተከፈተና በአገራችን ስም የሚጠራ ቡና ቤት አለ። ክፍለ ሀገሩ ራሱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ በሰሜን፣ ግማሹ በደቡብ፣ ሁለቱም ጋንግዎን ይባላሉ።

ቡና ካነሣን አይቀር ጋንግኑንግ በኮሪያ የታወቀችው በቡናዋ ነው። አንሞክ በተባለው ዳርቻ ቡና ቤቶቹ ባሕሩን ፊት ለፊት እያዩ ተደርድረዋል፤ በየዓመቱም የቡና ፌስቲቫል ይደረጋል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ ሌላ የሚጎበኝ ነገር አለ። በ1996 የሰሜን ኮሪያ ሰርጓጅ መርከብ ሰርጎ ገቦችን ሊመልስ ሲመጣ እዚያው ዳርቻ ላይ ድንጋይ ይዞት ቀረ። ደቡቦቹ ጎትተው አወጡትና የመናፈሻ ጌጥ አደረጉት፤ ስሙንም የአንድነት መናፈሻ አሉት። የሰሜን ልጃገረዶች ሆኪ ሊጫወቱ የመጡት የአገራቸው ሰርጓጅ መርከብ በቲኬት ወደሚጎበኝበት ከተማ ነው። የመጡትም በቤጂንግ ዞረው ነው። ድንበሩ ቢከፈት ኖሮ በአውቶቡስ የሚደረስበት ቦታ ነው።

ለጨዋታው እንግዳ የሆነ አንባቢ ይኖራልና ጥቂት ላውራ። በየወገኑ አንድ በረኛና አምስት ተጫዋች ይሰለፋሉ። ፓክ የሚባለው ነገር ከጠጣር ጎማ የተሠራ ክብ ነው፤ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም። በረዶው ላይ እንዳይነጥር ጨዋታው ሳይጀመር ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ጨዋታው ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው፤ በመሀል በዕረፍቱ አንድ ትልቅ መኪና እየዞረ የተቧጨረውን በረዶ ይልግና ውሃ አፍስሶ ያለሰልሰዋል። የመጀመሪያውን በ1949 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራው ፍራንክ ዛምቦኒ ይባላል። የዚህ መኪና ሾፌር ሥራ ያስቀናኛል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቁጭ ብሎ ሲያየው የሚያጨበጭብለትም የሚሰድበውም የለም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቅያሪው ነው። አንዲት ተጫዋች ባንድ ጊዜ በረዶው ላይ የምትቆየው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ሩጫው ሳንባ ይጨርሳል። ፊሽካ ሳይነፋ፣ ጨዋታው ሳይቆም፣ እንደ ታክሲ ረዳት እየሄደ እያለ ትወርዳለች፤ ሌላዋ የሜዳውን አጥር ዘላ ትገባለች። ሰባተኛ ሰው በረዶው ላይ ከተገኘ ቅጣት አለና ወራጇና ገቢዋ በዐይን ብቻ መናበብ አለባቸው። ሴቶቹ ሲጫወቱ ሌላም ልዩ ነገር ነበረ። ወንዶቹ እንደሚያደርጉት በትከሻ ገጭቶ ማንጠፍ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ፊታቸውንም ሙሉ በሙሉ በፍርግርግ ወይም በመከለያ መሸፈን ግዴታቸው ነበር። ፍርግርጉ ውስጥ ያለችው ከፒዮንግያንግ ትምጣ ከሴኡል፣ በማሊያዋ ካልሆነ በምንም አትለይም።

የደቡቡ ቡድን ታሪክ ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ውስጥ የሴቶች ሆኪ ቡድን ያለው ትምህርት ቤትም፣ ዩኒቨርሲቲም፣ ኩባንያም አልነበረም። ያለው ብሔራዊ ቡድኑ ብቻ ነው፤ ክለብ ሳይኖር ብሔራዊ ቡድን። ከተጫዋቾቹ አንዷ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ፒያኖ ልትማር ነበር። በ2003 የእስያ የክረምት ጨዋታ ላይ ሰሜን ኮሪያ 10 ለ 0 ረታቻቸው። በ2007 ደግሞ ጃፓን 29 ለ 0። ሃያ ዘጠኝ! በረኛዋ ፓኩን ከመረብ ስታወጣ እንኳ ወገቧ መዛሉ አይቀርም። በ2014 ሳራ መሪ የምትባል ወጣት ካናዳዊት አሠልጣኝ መጣችላቸውና መውጣት ጀመሩ። በ2016 ስሎቬንያ ውስጥ፣ ብሌድ ላይ፣ ሰሜንን 4 ለ 1 አሸነፉ። እነዚህ ሆድና ጀርባ የሆኑ ወገኖች የተገናኙት በሰው አገር፣ በአልፕስ ተራራ ሥር ነው፤ ከሆኪ ሰው በቀር ልብ ያለውም አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታው ደቡብ ቤት ሆነ። ቀኑ ሐሙስ ኤፕሪል 6 ነው፤ በኛ መጋቢት 28 ቀን 2009። በዋዜማው ሰሜን ኮሪያ ከምሥራቅ ጠረፏ ሚሳኤል ወደ ባሕር ተኩሳለች፤ ባሕሩ የጋንግኑንግ ቡና ጠጪዎች ቁጭ ብለው የሚያዩት ያው ባሕር ነው። በደቡብም ፕሬዚዳንቷ ከሥልጣን ወርደው ከታሰሩ ሳምንት አልሞላቸውም። ጨዋታው ግን በሰዓቱ ተጀመረ። የሰሜንን ባንዲራ አደባባይ ይዞ መውጣት በደቡብ ኮሪያ ሕግ ያስጠይቃል፤ ዓለም አቀፍ ውድድር ከሆነ ግን ከሌሎቹ እኩል መሰቀል አለበት። ውጭ የሚያሳስረው ጨርቅ አዳራሹ ውስጥ በሕግ ተሰቅሎ ዋለ። ከደጋፊው መሀል ነጭ መደብ ላይ መላው የኮሪያ ልሳነ ምድር በሰማያዊ የተሣለበትን ባንዲራ ይዘው ለሁለቱም የሚጮኹ ነበሩ። ደቡብ 3 ለ 0 አሸነፈች።

በዚህ ውድድር ደንብ ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ወዲያው ወደ መልበሻ ቤት አይሮጥም። ከየቡድኑ የዕለቱ ምርጥ ተጫዋች ትሸለማለች። ሁለቱ ቡድኖች በየመስመራቸው ይቆሙና የአሸናፊዋ መዝሙር ይዘመራል፤ ተሸናፊዋም ቆማ ታዳምጣለች። የዚያን ዕለት ግን አንድ ነገር ተጨመረ። ኤፕሪል 6 የተባበሩት መንግሥታት ለስፖርትና ለሰላም የሰየመው ቀን ነውና ሁለቱ ቡድኖች ተቀላቅለው አንድ ፎቶ ተነሡ። በማግስቱ ዓርብ ደግሞ የደቡብ ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ፒዮንግያንግ ውስጥ፣ በኪም ኢል ሱንግ ስታዲየም፣ የደቡብ መዝሙር ተዘምሮ ከሰሜን ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ። የእስያ ዋንጫ ማጣሪያ ዕጣ ነው አንድ ምድብ የጣላቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሰሜን ሴቶች ደቡብ፣ የደቡብ ሴቶች ሰሜን ወርደው ወጥተው ተጫወቱ። ለዚህ ሽማግሌ የላከ፣ አምባሳደር ያመላለሰ የለም። አንዱን ሰንጠረዥ፣ ሌላውን ዕጣ አደረገው።

ቀጥሎ ፖለቲከኞች ነገሩን ወደዱት። በ2018 ለፕዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀር የሁለቱ አገሮች የሴቶች ሆኪ ቡድን አንድ ይሁን ተባለ። በ23 የደቡብ ተጫዋቾች ላይ 12 የሰሜን ተጨመሩ። የደቡብ ወጣቶች ዓመታት የለፉት ልጆች ቦታቸውን ተነጠቁ ብለው ተቆጡ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ነገሩን ሊያበርዱ ብለው ቡድኑ ለሜዳሊያ የሚበቃ እንዳልሆነ ተናገሩና ቁጣው ሲብስ ይቅርታ ጠየቁ። ሃያ አንደኛ መሆን ምን ያህል ላብ እንደሚጠይቅ ሰንጠረዥን ከላይ ብቻ የሚያነብ ሰው አይገባውም። ፓርክ ጆንግ-አ ከደቡብ፣ ጆንግ ሱ-ህዮን ከሰሜን፣ ችቦውን አብረው ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ዓለም አየ፤ ማማሩስ አምሮ ነበር። ሜዳ ላይ ግን በስዊዘርላንድ 8 ለ 0፣ በስዊድን 8 ለ 0 ተሸነፉ። ጃፓን ላይ የቡድኑ ተጫዋች ራንዲ ግሪፊን የመጀመሪያዋን ግብ አገባች፤ በ4 ለ 1 ሽንፈት ውስጥ የተገኘች ግብ ብትሆንም ፓኳ ቶሮንቶ ወዳለው የሆኪ ሙዚየም ተላከች። ቡድኑ ከስምንት ስምንተኛ ወጣ።

የሆኪ ቡድኑ አንድነት ከዚያ ኦሊምፒክ አላለፈም። በኤፕሪል 2018፣ ኦሊምፒኩ ባለቀ በሁለተኛው ወር፣ ሰሜን ኮሪያ ስሎቬንያ ውስጥ ማሪቦር ላይ በሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ደቡብ ኮሪያ ጣልያን ውስጥ አዚያጎ ላይ በአንደኛ ዲቪዚዮን «ለ» ይጫወቱ ነበር። ደቡብ በጋንግኑንግ አምስቱንም ጨዋታ አሸንፋ አንድ እርከን ወጥታለችና ሰንጠረዡ ለያያቸው። ያገናኛቸውም እሱ ነበርና የሚወቀስበት ነገር የለም።

ለዚህ ነው ታችኛውን ምድብ የምወደው። ከላይ ያሉት ሁለቱ አገሮች የሚገናኙት ከሁሉ ስለሚበልጡ ነው፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ይገናኛሉ። ከታች ያሉት የሚገናኙት በድካም ስለተካከሉ ነው፤ ይህ መተካከል ደግሞ ብዙ አይቆይም። አንዷ ትንሽ ስትበረታ ትሄዳለች። ደቡብ ኮሪያ በ2023 በገዛ ከተማዋ ሱዎን ላይ አሸንፋ ሌላ እርከን ጨመረች፤ ደጋፊው ጨፈረ፤ ይገባዋልም። ሰሜን ኮሪያ ግን በወረርሽኙ ጊዜ ድንበሯን ዘግታ ቤቷ ተቀምጣ ነበር። የሚቀጥለውን የሁለቱን ግጥሚያ ለማየት የሚጓጓ ካለ መሪዎቹን አይለምን። ወይ ሰሜን ትበርታ፣ ወይ ደቡብ ደጋግማ ትሸነፍ። የደቡብ ደጋፊ የሆነ ሰው ደግሞ የቱን እንደሚመኝ እስቲ ራሱን ይጠይቅ።