ቆሟል ማለት አርፏል ማለት አይደለም

ቡናው እስኪቀርብ አንድ ጨዋታ ላንሳላችሁ። ደባርቅ ላይ ጀበና ቶሎ ነው የሚፈላው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2800 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ ስስ ነው፤ ውኃው 100 ዲግሪ ሳይጠብቅ 90 ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ባቄላ በደጋ አልበስል እያለ ባለቤቱን የሚያስመርረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃው ይፈላል እንጂ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው።

ይህን የጓዳ ነገር ማንሣቴ ስለ መኪና ላጫውታችሁ ብዬ ነው። በደባርቅና በዳባት መንገድ ዳር መኪና ለሚጠግኑ ልጆች ይህቺ የ10 ዲግሪ ልዩነት የዓይንና የፊት ጉዳይ ናት።

ሊማሊሞን ታውቁታላችሁ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉ ተቆርጦ የወጣ ጥምዝምዝ መንገድ ነው፤ ከዛሪማ ቆላ ደባርቅ እስኪደርስ ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። ጭነት የሞላ አይሱዙ በከባድ ማርሽ እየቃተተ ወጥቶ ከተማው መግቢያ ላይ ሲቆም የሙቀቱ ቆጣሪ ቀዩን ነክቷል። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ «ጋሼ፣ ክዳኑን ልክፈተው?» ይላል። መልሱ አንድ ነው፤ «ተው፣ ይብረድ!»

የራዲያተር ክዳን ሥራው ውኃው እንዳይደፋ መከልከል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ውስጡ ያለው ሞላ ውኃውን አፍኖ ይይዘዋል፤ የታፈነ ውኃ ደግሞ ቶሎ አይፈላም። ክዳኑ ደህና ከሆነ ደባርቅ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ አልፎ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በተነሣ ቅጽበት ግን ግፊቱ ይጠፋል፤ የመፍያው ልክ ወደ 90 ይወርዳል። ያን ጊዜ ውኃው በአንድ ጊዜ እየተንተከተከ፣ ከእንፋሎት ጋር ተቀላቅሎ ከፋቹ ፊትና ደረት ላይ ይገነፍላል። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ 95 ዲግሪ የደረሰ ራዲያተር ቢከፈት ላይፈላ ይችላል፤ ደባርቅ ላይ ግን በዚያው ሙቀት ይፈላል። ቱሪስት ይዞ ተራራው ላይ ጨነቅ ካምፕ ድረስ የወጣ ላንድክሩዘርማ 3600 ሜትር ላይ ስለሆነ 88 ዲግሪ ይበቃዋል። የደጋ መካኒክ ከቆላው መካኒክ የበለጠ ትዕግሥት ያስፈልገዋል የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚመጣውን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ጨመቅ አድርጉት፤ ከደነደነ ግፊቱ ገና አለ ማለት ነው። ሲለሰልስና ሲቀዘቅዝ ወፍራም ጨርቅ አልብሳችሁ፣ ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ፣ ክዳኑን እስከ መጀመሪያው መያዣ ብቻ አዙሩት። «ፍስስ» የሚለው ድምፅ ፈጽሞ ሲያልቅ ክፈቱት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መገልበጥም ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ። ሰው ከተቃጠለም ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አትቀቡት። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበትና ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ከዚህ ሁሉ የምፈልጋት ነገር አንዲት ናት፤ የቆመ መኪና ሁሉ ያረፈ አይደለም። ሙቀቱ፣ ክብደቱና አየሩ ውስጡ ታፍነው ሰው ይጠብቃሉ። ጥሩ መካኒክ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት «እዚህ ውስጥ ምን ታፍኖ ቀርቷል?» ብሎ ይጠይቃል።

ክብደትን እንውሰድ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ዘይት ገፍቶ የሚያነሣው ክሪክ ውስጡ ያለች አንዲት የጎማ ቀለበት ካረጀች ያን ሁሉ ጭነት ይለቀዋል፤ ሲለቀው ደግሞ አያስጠነቅቅም። ከዳባት ወደ ደባርቅ ስትሄዱ የመንገዱ ዳር ጠጠርና ተዳፋት ነው፤ የክሪኩ እግር ይሰምጣል፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከክሪኩ ሥር ሰፊ ጣውላ፣ ከሻንሲው ሥር ደግሞ የብረት ድጋፍ ወይም የማይነቃነቅ ወፍራም የግንድ ጉማጅ ይግባ። ድንቡልቡል ድንጋይ ይንከባለላል፤ የተደራረበ ድንጋይም ይናዳል። ጎማ ካወለቃችሁ ያንኑ ጎማ ሻንሲው ሥር አጋድሙት፤ ክሪኩ ቢከዳ እንኳ ለሰው ነፍስ የሚበቃ ክፍተት ይተርፋል።

የእጅ ፍሬን አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ። በብዙ አይሱዙዎች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን አይደለም፤ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን፣ ክሮቼራ ያለበትን ዘንግ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሣ በዲፈረንሻሉ በኩል እሱ ወደ አንድ ወገን፣ መሬት ላይ የቀረው ወደ ሌላ ወገን መዞር ይችላሉ። ዘንጉ እንደታሰረ መኪናው ቁልቁል ይሄዳል ማለት ነው፤ ማርሽ ማስገባትም አያድነውም። መድኃኒቱ ታኮ ነው፤ መሬት በቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ፣ ክሪኩ ከመነሣቱ በፊት።

አየሩ ደግሞ ጎሚስታ ቤት ነው ያለው። የጭነት መኪና ጎማ እስከ 100 ፒኤስአይና ከዚያም በላይ ይነፋል። ቸርኬው ባለ ቀለበት ከሆነ፣ ያ ሁሉ አየር ብዙ ቶን በሚሆን ኃይል ቀለበቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የዛገ፣ የጎበጠ ወይም በደንብ ያልገባ ቀለበት ሲፈናጠር ከፊቱ ያለውን ሰው ይገድላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 እንዲህ ያለ ጎማ ያለ ብረት መከላከያ እንዳይነፋ ደንብ አውጥታ የከለከለችው ሰው ስላለቀባት ነው። ያ የብረት መከላከያ ለሌለው የእኛ ጎሚስታ የሚሆነው ይህ ነው፤ ቀለበቱን ወደ ሰው አታዙሩ፣ ቸርኬውን በጠንካራ ሰንሰለት እሰሩት፣ ረጅም ቱቦ ተጠቅማችሁ ወደ ጎን ራቁ። አየር ያለበትን ቀለበት በመዶሻ አትንኩት። ከመፍታታችሁ በፊትም የቫልቩን ልብ አውጥታችሁ አየሩን ጨርሱት።

ሁለት ነገር ባጭሩ ልጨምር። የፍሬን ሸራ አቧራን በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ከዓመታት በኋላ ሳንባን በካንሰር የሚበላ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሁለተኛ፣ በደባርቅ ብርድ በር ዘግቶ ሞተር ማሞቅ ክልክል ይሁን። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ስንቱን ቤተሰብ በእንቅልፉ እንደወሰደ ታውቃላችሁ፤ ከመኪናው ጭስ የሚወጣውም ያው ሽታ የሌለው ጋዝ ነው።

አሁን ለአለቆቹ አንድ ቃል አለኝ። መኪና ሥር «ግባና እያት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ተለማማጁ ልጅ ነው። «እሺ አለቃ» ይላል፤ እምቢ ማለት አይችልምና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ አሠሪውም ስለ አደጋው አስተምሮ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ የሰው ልጅ ነው። መነጽርና ጓንት ግዙለት፤ ድጋፉን በእጃችሁ ነቅንቃችሁ ሳታዩ አታስገቡት። እሱ የሚማረው ከምትነግሩት ይልቅ ስትሠሩ የሚያየውን ነው፤ ነገ ሌላ ልጅ የሚያስገባው እሱ ነውና።

መጨረሻዬ ድንጋዩ ነው። መኪና ሲበላሽ ታኮ የምናደርገውን፣ ለማስጠንቀቂያም ከኋላ የምንደረድረውን ድንጋይ ጠግነን ስንጨርስ መንገድ ላይ ትተነው እንሄዳለን። ሊማሊሞ ጉም ይወርድበታል፣ ሌሊትም መብራት የለውም፤ ጠምዞ የሚመጣው ሹፌር ድንጋዩን ሲያይ በአንድ በኩሉ ገደል ነው። እንግዲህ ጥገናው የሚያልቀው ሞተሩ ሲነሣ ሳይሆን የመጨረሻው ድንጋይ ከመንገዱ ሲነሣ ነው። ሹፌሮችም ረዳቶችም፣ አደራችሁን፣ ሳታነሡ አትሂዱ።