በጠራራ ፀሐይ «ሌት!»

እንግሊዝኛና አማርኛ ከሚጋጩባቸው ቃላት ሁሉ እኔን የምታስቀኝ የጠረጴዛ ቴኒሷ «ሌት» ናት። ፀሐይ አናት እየበሳች ዳኛው እጁን ወደ ላይ ያነሳና «ሌት!» ይላል። የኛ ሌት እኮ የሚመጣው ሲመሽ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሉ የድሮ እንግሊዝኛ ሲሆን ትርጉሙ «እንቅፋት» ነው። ሰርቭ ሲደረግ ኳሷ መረቡን ነካ አድርጋ በትክክል ከተሻገረች ነጥብ የለም፤ ይደገማል። አሥር ጊዜ ብትነካ አሥር ጊዜ ይደገማል፤ ገደብ የለውም። ከተጫዋቹ አቅም ውጪ የሆነ ነገር ጨዋታውን ካወከም ሌት ነው።

ይህን ሕግ ጎብዬ ላይ እንዳለ ብንሠራበት ኖሮ አንዱ ጨዋታ ሳያልቅ ክረምት ይገባ ነበር። የምንጫወተው ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ መረቡ ጣውላ በሆነ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኳሷ 2.7 ግራም ናት፤ የራያ ሜዳ የከሰዓት ንፋስ ደግሞ ለግራም ግድ የለውም። ፍየል ያልፋል፣ አይሱዙ ያልፋል፣ አቧራው ይከተላል። እኛ «ነካ! ድገም!» ነበር የምንለው። «ሌት»ን ያመጣልን የስፖርት አስተማሪያችን ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሏ ከጠረጴዛው ወረደች። ሚኒባስ ሞልቶ ካለፈን፣ ሌት። እንጀራ ከምጣድ ስትወጣ ከተቀደደች፣ ሌት። ልጅቷ «እሺ» ካላለች፣ ሌት (በእሷ በኩል ግን ነጥብ ነው)።

አንድ ዓመት አጎቴ በሚያዝያ ዝናብ የዘራው ማሽላ በቅሎ ሳለ ዝናቡ ቀጥ አለ። በኛ አገር ይህ አዲስ አይደለም፤ ቶሎ የማይደርሰው ማሽላ ሲከሽፍ ገበሬው ሰኔና ሐምሌን ጠብቆ መሬቱን ገልብጦ ጤፍ ወይም ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል። እኔም ላጽናናው ብዬ «ምንም አይደል አጎቴ፣ ሌት ነው፤ ይደገማል» አልኩት። ትርጉሙን ካስረዳሁት በኋላ «ጥሩ ሕግ ነው» አለኝ። «ዘሩንስ የሚመልስልኝ ማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ጠረጴዛው ላይ ኳሷ ተመልሳ እጅህ ትገባለች። ማሳ ላይ ግን መድገም ዘር፣ የበሬ ጉልበትና የቀረ ወር ያስከፍላል።

ሕጉ ሌላም አንቀጽ አለው። ተቀባዩ ሳይዘጋጅ ሰርቭ ከተደረገበት ሌት ነው፤ ነገር ግን ኳሷን ለመምታት ከሞከረ እንደተዘጋጀ ይቆጠራል። ይህቺን አንቀጽ ያለ የአክስቴ ልጅ ማንበብ አልችልም። በሐምሌ 2013 ጦርነቱ ቆቦና ጎብዬ ሲደርስ የ12ኛ ክፍል ፈተና እየጠበቀ ነበር። የአገሩ ተማሪ በ2014 መጀመሪያ ሲፈተን የእኛዎቹ አልቻሉም፤ በዚያው ዓመት በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። እንደ ሕጉ ከሆነ ይሄ ሌት ነው፣ ተደገመላቸው። ልጁ ግን ስንት ወር ደብተር ሳይገልጥ ከርሞ ነው እስክሪብቶ ያነሳው። ካነሳ ደግሞ ሞክሯል፤ ከሞከረ ተዘጋጅቷል ማለት ነው፤ ነጥቡ ተቆጠረ።

«እንቢ ብል ይሻል ነበር?» ብሎ ጠይቆኛል። አይሻልም ነበር። የቀረበለትን ዕድል የሚገፋ ተማሪ ከየት ይመጣል? የሞከረን ሰው «ዝግጁ ነበርክ» ብሎ መዝጋት ግን ለጨዋታ እንጂ ለኑሮ አይሆንም። ደግመን ዕድል ሰጠን ከማለታችን በፊት፣ የባከነው ዘር መተካቱንና የተዘጋው ደብተር መከፈቱን ማየት ነበረብን።

የጎብዬ ልጆች ሕጉን ሳያነቡ ያወቁት ይህንኑ ነው። ሰርቭ የሚያደርገው ኳሷን ከመወርወሩ በፊት ቀና ብሎ «ልምታ?» ይላል። መልሱ «ቆይ» ከሆነ፣ ይቆያል።